ድንኳኑን ያፈረስንበት ከሰዓት

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን በትክክል ልናገር ብል እዋሻለሁ። የመጨረሻ ልጄ ገና በዳዴ ላይ እንደነበረች፣ ስኳርም በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ይገኝ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። ሰው ሲያረጅ ብዙ ነገር ይረሳል፤ እኔም መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ መነጽሬን የምፈልግ ሰው ሆኛለሁ። ያን ቀን ግን አልረሳውም። በሕይወቴ ትልቁን ውሸት የዋሸሁት ያን ቀን ነው፤ ከሁሉ የበለጠ የተመረቅኩትም በዚያው ውሸት ነው።

ስሜ ከማል ይባላል፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። በዚያን ጊዜ መካኒሳ አቦ እንደ ዛሬው ፎቅ በፎቅ አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ የእኛ ቤቶች ነበሩ፤ ከወንዙ ማዶ የገበሬዎች ማሳ ነው። የስፌት መኪናዬን የምዘረጋው አውቶቡስ ሰው የሚያወርድበት በረንዳ ላይ ስለነበር፣ ወደ ሰፈሩ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ከእኔ ቀድሞ የሚያውቅ አልነበረም። «ቀበሌው ከሚያውቀው ከማል የሚያውቀው ይበልጣል» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። በዚያ ዘመን ይሄ ብዙም የሚያስቅ ቀልድ አይደለም።

ወደ እኛ ሰፈር አንድ ፖሊስ ተዛውሮ መጣ። አስር አለቃ ይመር ይባላል፤ የወሎ ልጅ ነው። እማማ ጥሩነሽ ከሚባሉ ባልቴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖር ነበር። በዚያ ጊዜ የደንብ ልብስ ሲያይ የማይደነግጥ ሰው አልነበረም። ይመርን ግን ሕፃናቱ እንኳ አይፈሩትም። የተጣሉ ባልና ሚስትን ጣቢያ ከመውሰድ ይልቅ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጦ እስኪስቁ ድረስ ያዋራቸዋል።

ለእኔ ደግሞ ደንበኛዬም ጓደኛዬም ነበር። ደህና ሱሪ የነበረው አንድ ብቻ መሰለኝ፤ ሲቀደድበት እኔ ጋ ይመጣል፣ ጓዳ ገብቶ ያወልቃል፣ ጋቢዬን አገልድሞ እስክጨርስ ይጠብቃል። አንድ ቀን እንደዚያ እንደተቀመጠ ከመንገዱ ማዶ ሁለት ሰካራሞች ተያያዙ። ይመር ጋቢውን እንዳገለደመ፣ ቆቡን ደፍቶ ፊሽካውን እየነፋ ወጣ። ሰካራሞቹ ቀና ብለው ሲያዩት ድብድቡን ትተው ተቃቅፈው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ «ባለጋቢው ፖሊስ» ይለው ጀመር። እሱም አይቀየምም፤ «በጋቢ የዳኘ ፖሊስ እኔ ብቻ ነኝ» እያለ ይኩራራ ነበር።

አንድ ጠዋት ከወንዙ ማዶ ጩኸት ተሰማ። ሌቦች የኦቦ ቱሉን በሬዎች ከበረት አውጥተው እየነዱ ነበር። ኦቦ ቱሉ አባት አያቱ ባረሱት መሬት ላይ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ከእነዚያ በሬዎች ሌላ ይሄ ነው የሚባል ሀብት የለውም። ይመር ተረኛ ነበር። የሥራ ጓደኛው ሰው ሊጠራ ሲሮጥ እሱ ሌቦቹን ተከትሎ ወደ ላፍቶ በኩል ወረደ፤ ደረሰባቸውም። በሬዎቹን አስጣላቸው። አንደኛው ሌባ ግን መሣሪያ ነበረው።

በሬዎቹ በእግራቸው ተመለሱ። ይመርን በቃሬዛ አመጡት። የለበሰው ሱሪ ጉልበቱ ላይ እኔ የጣፍኩት ነበር፤ እሱን ሳይ ነው ዓይኔን ማመን ያቃተኝ።

ወዲያው የቀብሩ ነገር ተነሣ። ፖሊስ ጣቢያው የሚቻለውን አደርጋለሁ አለ። ለቅሶ ግን ያለ እድር ምን ይሆናል? ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ሁሉ የእድር ነው። ይመር ደግሞ የእድር አባል አልነበረም። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልዴ ደንብ አጥባቂ ሰው ናቸው፤ ለቅሶ አርፍደው የደረሱ ጊዜ ራሳቸውን የቀጡ ናቸው ይባላል። አባላቱን ሰብስበው «ልቤ እሺ ቢልም ደንቡ እምቢ ይላል። እድራችን የሚቀብረው አባልንና የአባልን ቤተሰብ ነው» አሉ።

እማማ ጥሩነሽ ከኋላ ተነሡ። «ልጄ ነው» አሉ።

ጋሽ ወልዴ ተጨነቁ። «እማማ፣ ሲመዘገቡ እኮ ልጅ የለኝም ነው ያሉት።»

«ያን ጊዜ አልነበረኝም» አሉ እማማ። «አሁን ነበረኝ፤ ሞተብኝ። ምኑ ነው ያልገባህ አንተ ወልዴ?»

ጋሽ ወልዴ መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩና ጉሮሯቸውን ጠርገው «ድንኳኑ ይውጣ» አሉ።

በማግስቱ ይመር አቦ ተቀበረ። ጓደኞቹ ፖሊሶች ሬሳውን ተሸክመው፣ ቆቡን ሣጥኑ ላይ አድርገው አለፉ። እኔና የሰፈሩ ሙስሊሞች ከአጥሩ ውጭ ቆመን ሸኘነው። እንደዚያ ቀን ብዙ ሰው በዚያ መንገድ ላይ አይቼ አላውቅም።

የቀረው የአባቱ ነገር ነበር። አባቱ አባባ አራጋው ወሎ ገጠር ናቸው። በወጋችን ለሩቅ ሰው የልጁን ሞት አይልኩበትም፤ «ልጅዎን ትንሽ አሞታል፣ ይምጡ» ተብሎ ነበር የተላከባቸው። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። በባዶ ሆድም፣ ሰው ሳይሰበሰብም አይነገርም። እንግዳው ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች ገብተው ያረዱታል። ፖሊሶቹ አባትየውን ረቡዕ በመኪና ሊያመጧቸው፣ እኛም ድንኳኑን በማያዩበት መንገድ ጋሽ ወልዴ ቤት ወስደን ልናሳርፋቸው ተስማማን። ድንኳኑ በሠልስት መነሣት ነበረበት፤ ጋሽ ወልዴ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ደንብ ሳይጠቅሱ «አባቱ መጥቶ ባዶ ሜዳ አያይም» ብለው እንዲቆይ አደረጉ። ያ ነበር የሁላችንም ጭንቀት፤ ሽማግሌው ልጄ ባዕድ አገር እንደ ወደቀ ዕቃ ቀረ ብለው እንዳያዝኑ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ለተማሪ የሚደርስ ልብስ ስለነበረኝ ከድንኳኑ ወጥቼ በረንዳዬ ላይ ልቁረጥ ተቀመጥኩ። አውቶቡስ ቆመ። አንድ ረጅም ሽማግሌ በትር ይዘው፣ ጥቅል አንግተው ወረዱ። ግራ ቀኝ አዩና ወደ እኔ መጡ።

«እንደምን ዋልህ ልጄ። የፖሊስ ይመርን ቤት ታውቀዋለህ?»

መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ቀና ብዬ ሳያቸው አፍንጫውም አገጩም የይመር ነው፤ ሸምግሎ የመጣ ይመር። መኪናውን አልጠበቁም፤ በራሳቸው አውቶቡስ ተሳፍረው አንድ ቀን ቀድመው መጥተዋል። ከእኔ በረንዳ እማማ ጥሩነሽ ግቢ እስከ ተተከለው ድንኳን ደግሞ አንዲት መታጠፊያ ብቻ ናት። ሰዉ ሙሉ ነው፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል።

ባለቤቴ ዘሀራ ልጃችንን አቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሽማግሌው እንዳይሰሙ በአፍ መፍቻ ቋንቋችን «አባቱ ናቸው። ሩጪ! ድንኳኑን ያፍርሱት» አልኳት። ዘሀራ ሰላም እንኳ ሳትል ልጅቷን ጎኗ ላይ አድርጋ በጓሮ በኩል ሮጠች።

«ምን ሆነች?» አሉ አባባ አራጋው።

«ወጥ ጥዳ ነው» አልኩ። የመጀመሪያው ውሸት ነበር። «ቤቱ ሩቅ ነው አባባ፤ ላድርስዎት» አልኩና ጥቅሉን ከትከሻቸው ተቀበልኩ። ይሄ ሁለተኛው ነው፤ ከዚያ ወዲያ መቁጠሩንም ተውኩት።

ወደ ቤቱ ጀርባዬን ሰጥቼ ቁልቁል ወደ ወንዙ መራኋቸው። ሽማግሌው የገጠር ሰው ናቸው፤ እኔ እያለከለክሁ እሳቸው ቀና ብለው ይራመዳሉ።

«ልጄ እንዴት ነው?» አሉ።

«ደህና ነው። ማለቴ አሞታል፤ ግን ደህና ነው።»

«ምኑን ነው ያመመው?»

«ሆዱን።»

«ለእኛ ደረቱን ነው ያሉን።»

«ደረቱንም» አልኩ።

ጥቂት ሄዱና «ቤቴ ከአውቶቡሱ ማውረጃ ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል ይለኝ ነበር» አሉ። «ቤት ቀይሯል» አልኩ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

ወንዙን ስንሻገር ቆም ብለው አዩኝ። «አንተ ከማል ነህ?» አሉ። ለፈቃድ ሲመጣ የጋቢውን ነገር አጫውቷቸው ኖሯል። «እናቱ ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው» ብለው ራሳቸውም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አቤት ያ ሳቅ! ዛሬም ድረስ ይታወሰኛል።

ሰዓት ለመግደል ካሰብኩት ሁሉ የተሻለ የመሰለኝ ኦቦ ቱሉ ቤት ነበር። ቤቱ ከወንዙ ማዶ ኮረብታው ላይ ነው። እሱ ቤት ይብሉ፣ ይረፉ፣ እስከዚያ ሰፈሩ ይዘጋጃል ብዬ ነው። ኦቦ ቱሉ ከሩቅ ሲያየን ማን እንደመጣ ገባው፤ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ሮጦ መጥቶ የሽማግሌውን እጅ ሳመ።

ከደጁ ዛፍ ሥር በርጩማ ወጣ። ባለቤቱ ጨጨብሳ በቅቤ፣ ወተትም በትልቅ ጣሳ አቀረበች። እኔ ሽማግሌውን ወሬ ለማስያዝ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ፤ ጀርባዬ ወደ ሰፈሩ ነው። አባባ አራጋው መጀመሪያ ጥሩ ይበሉ ነበር። ቆይተው እጃቸው ዘገየ። «ይብሉ እንጂ አባባ፤ መንገደኛ ነዎት» አልኳቸው። አንድ ጊዜ አዩኝና መብላታቸውን ቀጠሉ። ትሪው ላይ ምንም አላስቀሩም። እኔ ሞኙ፣ እሰይ ጠገቡ ብዬ ደስ አለኝ።

ከጎናችን አንዱ በሬ ታስሮ ነበር። «ደህና በሬ ነው» አሉ።

ኦቦ ቱሉ አራሽ እንጂ ዋሾ አይደለም። «ይሄ በሬ የልጅህ ነው ኦቦ» አለ።

«የልጄ?»

«ሌባ ወስዶት… ልጅህ ነው ያስመለሰልኝ። እኔ እኮ በሬው ቢቀርስ…» ብሎ አልጨረሰውም፤ ተነሥቶ ከበረቱ ኋላ ሄደ። የሚያስለው ይሁን የሚያለቅሰው ባልታወቀ ድምፅ ከዚያ ይሰማናል።

«ጉንፋን ይዞታል» አልኩ።

«አዎ፣ ጉንፋን ክፉ ነው» አሉ አባባ አራጋው። ተነሥተው በሬውን ግንባሩ ላይ ዳበሱት።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ወደ እማማ ጥሩነሽ ግቢ ወረድን። ድንኳኑ የለም፤ አግዳሚው የለም፤ ሰው የለም። ሰፈሩ ያን ሁሉ ዕቃ የት እንደከተተው እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ በኋላ ስሰማ ግማሹ ድስት እኛ ቤት አልጋ ሥር ነበር። እማማ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። ነጠላቸውን ቀና አድርገው ለብሰዋል፤ ግን በችኮላው አንደኛው ወገን እንደተዘቀዘቀ ቀርቷል። ግቢው ደግሞ ሣሩ ተረግጦ የካስማው ጉድጓድ አፉን ከፍቷል። አባባ አራጋው ጉድጓዱን አዩ፣ ነጠላውን አዩ፣ ምንም አልጠየቁም።

«ሆስፒታል ተኝቷል፤ የመጠየቂያው ሰዓት አልፏል፣ ነገ ጠዋት እንወስድዎታለን» ተባሉ። «እሺ» አሉ። ጋሽ ወልዴ ቤት ራት ቀረበላቸው፣ እግራቸው ታጠበ፣ አልጋ ተነጠፈላቸው። «ተሳካልን» ተባብለን ተለያየን።

በማግስቱ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ጋሽ ወልዴ ቤት ገባን። እማማ ጥሩነሽ አሉ፣ ኦቦ ቱሉ አለ፣ የአቦ ቄስና የእኛ ሼኽ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ደጁም በሰው ሞልቷል። አባባ አራጋው ለብሰው፣ ጥቅላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

ጋሽ ወልዴ እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመሩ። «እንግዲህ አባባ አራጋው፣ የሰው ልጅ ከአፈር የተሠራ ነው…»

ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። «ተቀመጡ፤ ቆማችሁ አትድከሙ። ልጄ ማረፉን አውቄአለሁ።»

ጋሽ ወልዴ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ሊበላኝ ነው። «ወላሂ እኔ አልተናገርኩም!» አልኩ።

«እሱማ አልተናገረም፤ ምስኪን» አሉ አባባ አራጋው። «ትናንት ኮረብታው ላይ ጀርባውን ወደ ሰፈሩ አድርጎ ሲያጫውተኝ፣ እኔ በትከሻው ላይ ሁሉን አየው ነበር። ትልቅ ድንኳን ይፈርሳል። ሰዉ ይሯሯጣል። እኚህ እናት አግዳሚ በራሳቸው ተሸክመው ሲሮጡ አይቻለሁ። ሠርግ ቢሆን በእኔ መምጣት አይፈርስም አልሁ በልቤ።»

ልደብቃቸው ብዬ የወሰድኳቸው ሁሉን ወደሚያሳየው ቦታ ነበር። «ታዲያ አባባ፣ ያኔ ለምን አላለቀሱም?» አልኩ።

«እንዴት አድርጌ? እናንተ እኔ እንዳልደነግጥ እንደዚያ ስትለፉ እያየሁ ልፋታችሁን ላፍርስባችሁ? ብላ ስትለኝ በላሁ፤ ተኛ ሲሉኝ ተኛሁ።» ጥቅላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «‘ታሟል’ ሲሉኝ ጠርጥሬአለሁ። በእኛም አገር መርዶ እንዲሁ ነው። እኔን የፈጀኝ ሌላ ነው። ልጄ ሰው በሌለበት ተቀብሮ፣ አንዱ መጥቶ ‘መቃብሩ ያውልህ’ ብሎኝ ይሄዳል ብዬ ነው መንገዱን ሁሉ አውቶቡስ ውስጥ የተብሰለሰልኩ። ያን ሁሉ ሰው ሲሯሯጥ ሳይ ግን፣ ልጄስ አገር ነበረው አልሁ።»

ኦቦ ቱሉ ያለ ጉንፋን በግልጽ ያለቅሳል። እኔም ተንሰቀሰቅሁ። ሽማግሌው እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጭነው «አብሽር ልጄ፣ አብሽር፤ ተባረክ» ይሉኛል፤ አጽናኝና ተጽናኝ ተቀላቀለ።

ጥቅላቸውን ፈቱ። አዲስ ጋቢ ነበር። «ለታመመው ልጄ ያስፈተልሁት ነው» አሉና ተነሥተው እማማ ጥሩነሽ ትከሻ ላይ ደረቡት። «እዚህም እናት አለችኝ ይለኝ ነበር። አንቺ ነሽ።»

እማማ በእንባቸው መካከል ወደ ዳኛው ዞሩ። «ሰማህ አይደል ወልዴ?»

«ሰምቻለሁ እማማ» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ከእንግዲህ ማስረጃ አልጠይቅም።»

ከዚያ አባባ አራጋው በትራቸውን አነሡ። «በሉ፣ ድንኳኑን ትከሉልኝ» አሉ። «አሁን ላልቅስበት።»

ዕቃው ከየአልጋው ሥር፣ ከየጓሮው ወጣ። ጎረምሳውም አሮጊቱም ገመድ ሳበ። የመካከለኛውን ምሰሶ ያቆሙት ራሳቸው አባባ አራጋው ናቸው፤ ጋሽ ወልዴ «ኧረ እኛ እንይዘዋለን» ቢሏቸው አለቀቁም። ድንኳኑ ሲቆም ሥሩ ገብተው ልጃቸውን በስሙ እየጠሩ እስኪወጣላቸው አለቀሱ። እኛም አብረን አለቀስን። ልብ የሚያሳርፍ ለቅሶ ካለ ያ ነው።

ከዚያ ወዲያ ይመር ያረፈበት ቀን ሲደርስ በየዓመቱ ይመጡ ነበር። ከአውቶቡስ ወርደው በረንዳዬ ፊት ይቆሙና የስፌት መኪናዬን በበትራቸው ነካ አድርገው «ልጄ ከማል፣ ዛሬስ በየት በኩል ነው የምትወስደኝ?» ይሉኛል። እኔም መቀሴን አስቀምጬ «ቤቱ ሩቅ ነው አባባ፤ ላድርስዎት» እላለሁ። በወንዙ ወርደን፣ ኦቦ ቱሉ ደጅ ጨጨብሳችንን በልተን፣ በሬውን ዳብሰን እንመለሳለን።

ዛሬ እሳቸውም፣ እማማ ጥሩነሽም፣ ጋሽ ወልዴም የሉም። ኮረብታው ላይ ቤት ስለተሠራበት ከዚያ ሆኖ ሰፈሩን ማየት አይቻልም። ይመርን ሳስብ አዝናለሁ፤ የተሸኘበትን ሳስብ ግን ደስ ይለኛል፣ እኮራለሁም። ስለ ውሸቴም አንድም ቀን ተጸጽቼ አላውቅም። ያቺ መታጠፊያ አሁንም አለች፤ ከበረንዳዬ ቆሜ ትታየኛለች። እኔና አባባ አራጋው ግን እሳቸው እስኪያልፉ ድረስ አንድም ቀን በእሷ ሄደን አናውቅም።